የልብንና የነርቭን ሕዋስ የሚያሳርፉ በሮች፦ ስለ ፖታሲየም ቻናሎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሰውነትን አሠራር ሳስተምር ተማሪዎቼ የሶዲየምን ሥራ ቶሎ ይይዙታል። ሶዲየም ወደ ሕዋሱ ይገባል፣ ሕዋሱ ይነሣሣል። የፖታሲየም ተራ ሲደርስ ግን «ወጥቶ ያሳርፈዋል» ብለው በአንድ መስመር ያልፉታል። ልቤን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም በድንገት ከወደቁት ሰዎች የአንዳንዶቹ ልብ መነሣት አላቃተውም፣ ያቃተው ማረፍ ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከተማሪዎችም ከታካሚዎችም ደጋግመው የሚመጡ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፖታሲየም ቻናል ሲባል ምን ማለት ነው?

ሕዋስን የሚከበው ሽፋን ከስብ የተሠራ ሲሆን ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ናኖሜትር ቢደርስ ነው። ቅቤ ላይ ጠብ ያለ ውሃ ወደ ውስጥ እንደማይሰርግ ሁሉ፣ የኤሌክትሪክ ሙል የያዘ ቅንጣት፣ ማለትም አዮን፣ በዚህ ስብ ውስጥ ማለፍ አይችልም። በር ያስፈልገዋል። በሩ መሐሉ ላይ ቀዳዳ ያለው ፕሮቲን ነው፤ ፖታሲየምን ብቻ የሚያሳልፈው ዓይነት የፖታሲየም ቻናል ይባላል።

ዓይነቱ ብዙ ነው። በሰው ልጅ ውስጥ ወደ 80 የሚጠጉ ጂኖች የዚህን ቤተሰብ ፕሮቲኖች ይሠራሉ። አንዳንዱ በር ምንጊዜም ገርበብ ያለ ነው፤ አንዳንዱ የሽፋኑ ኤሌክትሪክ ሲለወጥ ይከፈታል፤ አንዳንዱ ከነርቭ የኬሚካል መልእክት ሲደርሰው፤ ሌላው ደግሞ የሕዋሱ ጉልበት መመናመን ሲጀምር።

ፖታሲየምን ከሕዋሱ የሚገፋው ቻናሉ ነው?

አይደለም። ቻናል በር እንጂ ፓምፕ አይደለም። ፓምፑ ሌላ ፕሮቲን ነው፤ ዴንማርካዊው የንስ ስኮው በ1957 ያገኘውና በ1997 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያሰጠው። ይህ ፓምፕ ጉልበት እየከፈለ ሦስት ሶዲየም ወደ ውጭ ያወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል። ሥራው ያለማቋረጥ በመሆኑ በሕዋሱ ውስጥ በአንድ ሊትር 140 ሚሊሞል ገደማ ፖታሲየም ይከማቻል፤ ውጭ ባለው ፈሳሽ ግን 4 ሚሊሞል ገደማ ብቻ ነው።

አሁን በሩ ተከፈተ እንበል። ፖታሲየም ከታጨቀበት ወደ ሰፋው ይወጣል። እያንዳንዱ የሚወጣ ፖታሲየም ግን ፖዘቲቭ ሙል ይዞ ስለሚወጣ ውስጡ ኔጋቲቭ እየሆነ ይሄዳል፤ ኔጋቲቩ ደግሞ ፖታሲየሙን መልሶ ይስበዋል። ወደ ውጭ የሚገፋውና ወደ ውስጥ የሚስበው ጉልበት እኩል የሚሆኑት ውስጡ ከዜሮ በታች 90 ሚሊቮልት አካባቢ ሲደርስ ነው። ያረፈ የልብ ጡንቻ ሕዋስ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ነርቭ ሶዲየምም ትንሽ ወደ ውስጥ ስለሚያፈስስ ከዜሮ በታች 70 አካባቢ ያርፋል።

ሰባ ሚሊቮልት ኢምንት ይመስላል። ግን በ5 ናኖሜትር ስስ ሽፋን ላይ የተዘረጋ መሆኑን አስቡት፤ በሜትር ሲሰላ 14 ሚሊዮን ቮልት ይሆናል። በሮቹ የሚከፈቱትና የሚዘጉት በዚህ ኃይል ነው።

ሶዲየም ከፖታሲየም ያነሰ ነው። ታዲያ በፖታሲየም ቀዳዳ ለምን አያልፍም?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። ወንፊት ደቃቁን ዱቄት አሳልፎ ግርዱን ያስቀራል። የፖታሲየም ቻናል ግን ተቃራኒውን ይሠራል፦ ትልቁን ያሳልፋል፣ ትንሹን ያስቀራል። የፖታሲየም አዮን ራዲየስ 1.33 አንግስትሮም ነው፤ የሶዲየም 0.95። አንድ አንግስትሮም የናኖሜትር አንድ አሥረኛ ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ጠባብ ሆኖ ሳለ ቻናሉ ፖታሲየምን ከሶዲየም ከሺህ ጊዜ በላይ አስበልጦ ይመርጣል።

መልሱ ቁልጭ ብሎ የታየው በ1998 ነው። በሐኪምነት የሠለጠነውና ኋላ ሕክምናውን ትቶ ወደ ቤተ ሙከራ የገባው አሜሪካዊው ሮድሪክ ማኪነን፣ ስትሬፕቶማይሲስ ሊቪዳንስ ከተባለ የአፈር ባክቴሪያ የተገኘን የፖታሲየም ቻናል በኤክስሬይ መርምሮ ቅርጹን አሳየ። በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤልን ከፒተር አግሬ ጋር ተካፈለ።

ቅርጹ የነገረን ይህን ነው። አዮን በውሃ ውስጥ ባዶውን አይሄድም፤ የውሃ ሞለኪውሎችን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ነው። ጠባቡ የቀዳዳ ክፍል ውስጥ ለመግባት ጋቢውን ማውለቅ አለበት፤ ማውለቁ ደግሞ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። በቀዳዳው ግድግዳ ላይ የኦክስጅን አተሞች በረድፍ ተደርድረዋል። ከመሐሉ ያላቸው ርቀት የውሃው ኦክስጅኖች ፖታሲየምን ከሚያቅፉበት ርቀት ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ፖታሲየም ጋቢውን ሲያወልቅ ግድግዳው ወዲያው ያለብሰዋል፤ የጎደለበት የለም። ሶዲየም ግን ትንሽ በመሆኑ ኦክስጅኖቹ ተጠግተው ሊያቅፉት አይችሉም። ጋቢውን አውልቆ ብርድ ላይ ከመቆም ይልቅ ከነጋቢው ደጅ መቅረት ይቀለዋል።

የገቡትም አይዘገዩም። በአንድ ረድፍ ቆመው፣ ሁሉም ፖዘቲቭ ስለሆኑ የኋላው የፊተኛውን እየገፋ፣ በአንድ ቀዳዳ በሴኮንድ ከ10 ሚሊዮን እስከ 100 ሚሊዮን አዮኖች ያልፋሉ። እንዲህ ያለ ጥብቅ ምርጫ እንዲህ ካለ ፍጥነት ጋር በአንድ ፕሮቲን ውስጥ መገናኘቱ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

በነርቭ ላይ የሚሠሩት ሥራ ምንድን ነው?

መልእክት ሲመጣ መጀመሪያ የሶዲየም በሮች ይከፈታሉ፤ የነርቩ ውስጥ ከአንድ ሚሊሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ከኔጋቲቭ ወደ ፖዘቲቭ ይገለበጣል። የፖታሲየም ቻናሎችም ይህንኑ ለውጥ ያያሉ፣ ግን ዘግይተው ይከፈታሉ። ጥቅማቸው ያለው በመዘግየታቸው ነው፤ ከሶዲየሞቹ እኩል ቢከፈቱ መልእክቱ ገና ሳይወለድ በጠፋ ነበር። ጥቂት ቆይተው ሲከፈቱ ፖታሲየም ይወጣል፣ ነርቩ ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል፣ ለሚቀጥለው መልእክት ዝግጁ ይሆናል። ይህ ሁሉ በአንድ ወይም በሁለት ሚሊሴኮንድ ውስጥ ያልቃል።

ይህን በልኬት ያሳዩት እንግሊዛውያኑ አላን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ ናቸው። አንድ ሚሊሜትር ያህል የሚወፍር የነርቭ ገመድ ባለው ስኩዊድ በተባለ የባሕር እንስሳ ላይ ፕሊመዝ ከተማ ውስጥ ሠርተው፣ በ1952 ባሳተሙት ቀመር የፖታሲየምን መውጣት በአራተኛ ኃይል፣ ማለትም አንድን ቁጥር አራት ጊዜ ደርድሮ በማባዛት፣ ገለጹት፤ በሩ እንዲከፈት አራት ነገሮች አንድ ላይ መስማማት ያለባቸው ይመስል። በ1963 ኖቤል ተሸለሙ። ማኪነን በ1991 እንዳረጋገጠው ደግሞ ቻናሉ በእርግጥ አራት ክፍሎች ክብ ሠርተው የሚያቆሙት ነው። ፕሮቲኑን ማንም አይቶት ሳያውቅ ቁጥሩ ቀመሩ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ሁሉም የነርቭ ፖታሲየም ቻናል መልእክት ቆራጭ ብቻ አይደለም። አንዳንዶቹ ነርቩ ያለ ምክንያት እንዳይነሣሣ ልጓም ሆነው ይቀመጣሉ። በዘር የሚተላለፍ ጉዳት ይህን ልጓም ሲያላላው በተወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጥል ሕመም የሚታይባቸው ሕፃናት አሉ። እነዚህን ቻናሎች የሚከፍት ሬቲጋቢን የተባለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በ2011 ገበያ ላይ ውሎ ነበር፤ የቆዳንና የዓይንን ሬቲና ቀለም ስለሚለውጥ አጠቃቀሙ ተገደበ፤ ተጠቃሚውም አንሶ በ2017 ከገበያ ወጣ።

የእባብ መርዝ ከዚህ ጋር ይገናኛል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በአፍሪካ የሚገኙት የማምባ እባቦች መርዝ ውስጥ ዴንድሮቶክሲን የሚባል አለ፤ የነርቭን የፖታሲየም ቻናል ቀዳዳ እንደ ቡሽ ይደፍነዋል። ነርቩ ማረፍ ሲያቅተው መልእክቱን ደጋግሞ ይለቃል፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል። የአንዳንድ ጊንጦች መርዝም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ቀዳዳውን በመጠኑ መድፈን ግን መድኃኒትም ይሆናል። መልቲፕል ስክለሮሲስ በተባለው በሽታ የነርቭ ልባስ ሲላጥ ፖታሲየም እየሾለከ መልእክቱን ያደክመዋል፤ ፋምፕሪዲን የሚባለው ኪኒን ይህን ሹለካ ቀንሶ የአንዳንድ ታካሚዎችን አረማመድ ያሻሽላል።

ልብም እንደ ነርቭ ነው የሚሠራው?

መነሻው አንድ ነው፣ ጊዜው ግን ፈጽሞ ይለያል። የልብ ታችኛው ክፍል ሕዋስ አንድ ጊዜ ሲነሣ ከ200 እስከ 300 ሚሊሴኮንድ ይቆያል፤ ከነርቭ ከመቶ ጊዜ በላይ ይረዝማል። ምክንያት አለው። ልብ ደሙን ጨምቆ ለማስወጣት ጊዜ ይፈልጋል፤ ጭመቃው ሳያልቅ ሌላ ትእዛዝ እንዳይገባም መከላከያ ያስፈልገዋል።

ሶዲየም ገብቶ ሕዋሱን ካነሣ በኋላ ካልሲየም ቀስ እያለ መግባት ይቀጥላል፣ ጡንቻውም ይኮማተራል። በዚህ ጊዜ በዕረፍት ሰዓት ክፍት የነበሩት የፖታሲየም በሮች ራሳቸው ይደፈናሉ፤ ማግኒዚየምና ሌሎች ሙል ያላቸው ሞለኪውሎች ከውስጥ በኩል ይወትፏቸዋል። ፖታሲየሙ ያለ ጊዜው ቢወጣ ጭመቃው በአጭር ይቀጭ ነበርና። ኋላ ካልሲየሙ ሲቀንስ ሁለት ዓይነት የፖታሲየም ቻናሎች ሥራውን ይረከባሉ፦ አንዱ ፈጣኑ፣ ሌላው ዘገምተኛው። ሁለቱ ተጋግዘው ሕዋሱን ወደ ዕረፍቱ ይመልሱታል።

ሁለት መሆናቸው እንዲያው ትርፍ አይደለም። ስንሮጥ ወይም ስንደነግጥ አድሬናሊን ዘገምተኛውን ያጠናክረዋል፤ በዚህም እያንዳንዱ ምት ያጥራል፣ በፍጥነት የሚመታው ልብ በምቶች መካከል ደም የሚሞላበት ፋታ ያገኛል።

ስናርፍ ልባችን ዝግ የሚለው በምንድን ነው?

በዚሁ በፖታሲየም ነው። ቫገስ የሚባለው ነርቭ የልብ ምት መነሻ በሆነው ሥፍራ ላይ አሴቲልኮሊን ይለቃል፤ ያ ኬሚካል የተለዩ የፖታሲየም ቻናሎችን ይከፍታል፣ ሕዋሱም ለመነሣት ይዘገያል። ነርቭ ልብን በኬሚካል እንደሚያዘው ያሳየው ሳይንቲስቱ ኦቶ ሌቪ ነው፤ በ1921 የአንድ እንቁራሪት ልብ የተነከረበትን ፈሳሽ ወደ ሌላ እንቁራሪት ልብ አሻግሮ ሁለተኛው ልብ ዝግ ሲል አየ። የሙከራውን ሐሳብ በሌሊት በሕልሙ እንዳገኘው ራሱ ተናግሯል።

ይህ ሁሉ በኢሲጂ ወረቀት ላይ ይታያል?

ይታያል። ኢሲጂ የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ የሚስል ምርመራ ነው። አንድ ወረቀት አምጡና ከእኔ ጋር ተመልከቱት። ሹሉና ረጅሙ ጭረት የታችኛው የልብ ክፍል ሲነሣ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክብ ጉብታ፣ ቲ ሞገድ የሚባለው፣ ፖታሲየም ወጥቶ ልቡ ሲያርፍ ነው። ከሹሉ ጭረት መጀመሪያ እስከ ጉብታው መጨረሻ ያለው ርቀት ኪውቲ ይባላል። ወረቀቱ በተለመደው ፍጥነት ከሄደ አንዷ ትንሽ ካሬ 40 ሚሊሴኮንድ ናት። አሥር ካሬ ከሆነ 400 ሚሊሴኮንድ ነው፣ ደኅና ነው። ለልብ ምት ፍጥነት ተስተካክሎ ከተሰላ በኋላ ከ500 ካለፈ፣ ማለትም አሥራ ሁለት ካሬ ተኩል ከተሻገረ፣ ሐኪሙ ወዲያው ምክንያቱን መፈለግ አለበት።

አደጋው ምኑ ላይ ነው? ማረፍ ያቃተው ሕዋስ ዕረፍቱን ሳይጨርስ እንደገና ሊነሣ ይችላል። ያን ጊዜ ጭረቶቹ እንደ ተገመደ ገመድ እየተጠማዘዙ ሲወጡ ይታያሉ፤ ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ደሰርተን በ1966 «ቶርሳድ ደ ፗንት» ብሎ የሰየመው ይህንን ነው። ሰውየው ራሱን ይስታል። አንዳንዴ ልቡ በራሱ ይመለሳል፤ አንዳንዴ አይመለስም።

በዘር ይመጣል?

አዎን። ረጅም ኪውቲ የሚባለው ችግር ከ2,000 ሰዎች በአንዱ ላይ ሊገኝ ይችላል። በ1957 ኖርዌጂያኖቹ አንቶን ዬርቬልና ፍሬድ ላንገ ኒልሰን ስለ አንድ ቤተሰብ ጻፉ፦ ከስድስት ልጆች አራቱ ከልደታቸው ጀምሮ መስማት የተሳናቸውና ራሳቸውን የሚስቱ ነበሩ፤ ሦስቱ በድንገት ሞቱ። መስማትና ልብ ምን አገናኛቸው? ያው አንዱ ቻናል። ዘገምተኛው ያልኩት የልብ ቻናል በውስጠኛው ጆሮ ውስጥም ይሠራል፤ ለመስማት የሚያስፈልገውን በፖታሲየም የበለጸገ ፈሳሽ የሚሞላው እርሱ ነው። ከእናትም ከአባትም የተበላሸውን ጂን የወረሱ ልጆች ሁለቱንም ያጣሉ።

ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሱት ይሰማሉ፤ ልባቸው ግን ተጋላጭ ነው። ዘገምተኛው ቻናል የተጎዳባቸው ሲሮጡ በተለይም ሲዋኙ ይወድቃሉ፤ አድሬናሊን ሲመጣ የሚያጠናክረው ቻናል የለምና። ፈጣኑ የተጎዳባቸው ደግሞ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰሙ፣ ለምሳሌ የማንቂያ ሰዓት ወይም ስልክ ሲያንባርቅ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። እነዚህ ልጆች ሲወድቁ ሰውነታቸው ሊንቀጠቀጥ ስለሚችል ብዙ ጊዜ «የሚጥል በሽታ ነው» ይባላሉ፤ ለዓመታት የተሳሳተ መድኃኒት የሚወስዱ አሉ። ሲሮጥ፣ ሲዋኝ ወይም ሲደነግጥ የሚወድቅ ልጅ ኢሲጂ ሳይነሣ የሚጥል በሽታ ነው ተብሎ መዝገቡ መዘጋት የለበትም። ችግሩ ከታወቀ ቤታ ብሎከር የሚባሉት፣ አድሬናሊን ልብ ላይ የሚሠራውን የሚገቱ መድኃኒቶች ብዙዎቹን ይጠብቋቸዋል።

መድኃኒት ይህን ችግር ያመጣል ሲባል ሰምቻለሁ። የትኞቹ ናቸው?

ፈጣኑ ቻናል፣ ኸርግ የሚባለው፣ ሰፊ የውስጥ ክፍል አለው፤ ግድግዳው ላይ ያሉት አሚኖ አሲዶችም ብዙ ዓይነት ሞለኪውሎችን አጣብቀው ይይዛሉ። ስለዚህ ከልብ ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው መድኃኒት ገብቶ ይደፍነዋል። ቴርፈናዲን የአለርጂ ኪኒን ነበር። ኤሪትሮማይሲን ከሚባለው ፀረ ባክቴሪያ ጋር ሲወሰድ ጉበት ሊያጠፋው ባለመቻሉ በደም ውስጥ እየተከማቸ ሰዎችን ገደለ፤ በ1998 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ሲሳፕራይድ የተባለው የጨጓራ መድኃኒት በ2000 ተከተለው። ዛሬ አዲስ መድኃኒት ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ኸርግን ይደፍን እንደሆነ ይፈተሻል።

በአገራችን ከሚታዘዙት ውስጥ ለቫይቫክስ ወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን፣ መድኃኒት ለተላመደ ሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ቤዳኩዊሊን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል፣ ፀረ ባክቴሪያዎቹ ኤሪትሮማይሲንና ሞክሲፍሎክሳሲን ኪውቲን ማስረዘም ይችላሉ። ይህን አንብቦ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ የሚያቋርጥ ሰው እንዳይኖር እለምናለሁ። ለአብዛኛው ሰው የአንዱ መድኃኒት አደጋ ትንሽ ነው፤ የሚያስፈራው ሲደራረብ ነው። አንዲት እናት ለደም ግፊት የሚያሸና ኪኒን ይወስዳሉ እንበል። ተቅማጥና ትውከት ያዛቸው፤ ፖታሲየማቸው ወረደ። ከመድኃኒት ቤት ኤሪትሮማይሲን ገዝተው ወሰዱ። ሦስቱም ነገሮች ለየብቻቸው የተለመዱ ናቸው፤ ሦስቱ በአንድ ሳምንት ሲገናኙ ግን ልብ ላይ ይደርሳሉ።

በደም ውስጥ ፖታሲየም ሲያንስ የሚወጣው መብዛት አልነበረበትም?

ብልህ ጥያቄ ነው። ውጭ ሲቀንስ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ስለዚህ ፖታሲየም በበለጠ ኃይል መውጣት፣ ልቡም ቶሎ ማረፍ ነበረበት። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ኸርግ በትክክል እንዲሠራ ራሱ ፖታሲየም ከውጭ በኩል ያስፈልገዋል፤ ሲያንስበት የቀዳዳው አፍ ቶሎ ይኮማተርና ይዘጋል። የሚገፋው ኃይል ጨምሮ በሩ ግን ይጠባል፤ ኪውቲ ይረዝማል። ማግኒዚየምም አብሮ ከወረደ ፖታሲየሙን ለመመለስ ይከብዳል።

በደም ውስጥ ደኅና የሚባለው መጠን በሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል ነው። ተቅማጥና ትውከት፣ ፉሮሴማይድና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባሉት የሚያሸኑ መድኃኒቶች ያወርዱታል። ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ኦአርኤስ በስኳርና በጨው ብቻ ያልተሠራው ለዚህ ነው፤ አንድ ሊትሩ ውስጥ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ አለ። ቤት ውስጥ በስኳርና በጨው የሚበጠበጠው ይህ ይጎድለዋል።

ሲበዛስ?

ያኔ ጉዳዩ የሰዓታት ነው፣ አንዳንዴም የደቂቃዎች። ውጭ ያለው ፖታሲየም ሲበዛ የሚወጣው ይቀንሳል፣ ሕዋሱ በጥልቀት አያርፍም፣ የሶዲየም በሮችም ለመከፈት ዝግጁ መሆናቸውን ያጣሉ። በኢሲጂ ላይ ቲ ሞገድ እንደ ድንኳን ይሾላል፣ ጭረቶቹ ይሰፋሉ፣ ከዚያ ልብ ሊቆም ይችላል። ዋናው ምክንያት የኩላሊት ድካም ነው፤ ለደም ግፊትና ለልብ ድካም የሚሰጡት ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶንም ያባብሱታል። ሐኪሞች መጀመሪያ በደም ሥር ካልሲየም የሚሰጡት ልቡን ለመጠበቅ ነው፤ ፖታሲየሙን አይቀንሰውም። ከዚያ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋርና የአስም መድኃኒቱ ሳልቡታሞል ፖታሲየሙን ወደ ሕዋሳት ይመልሱታል፤ ከሰውነት ማስወጣቱ ግን ለኩላሊት እጥበት ሊቀር ይችላል።

በዚሁ ምክንያት በደም ሥር የሚሰጥ ፖታሲየም ሳይበረዝ በሲሪንጅ አይገፋም። ነርሶች ይህን ያውቃሉ፤ ያም ሆኖ መደጋገሙ አይጎዳም።

ሙዝ ልብላ ወይስ ልተው?

ኩላሊትዎ ጤነኛ ከሆነ ይብሉ። በአንድ ሙዝ ውስጥ 400 ሚሊግራም ገደማ ፖታሲየም አለ፤ ድንችና አቮካዶም ባለጸጋ ናቸው። የኩላሊት ሕመም ካለብዎት ግን ከሐኪምዎ ሳይነጋገሩ አያብዙት፤ በተለይ «ሶዲየም የሌለው ጨው» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ፖታሲየም ክሎራይድ ስለሆነ ይጠንቀቁ።

ሐኪም ዘንድ ስሄድ ምን ልናገር?

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በስሙ፤ ካላስታወሱት ባዶ ካርቶኑን ይዘው ይሂዱ። ሰሞኑን ተቅማጥ ወይም ትውከት ከነበረብዎ እርሱን። ራስዎን ስተው የሚያውቁ ከሆነ ምን ሲያደርጉ እንደነበር፤ ተቀምጠው ነበር፣ ሲሮጡ ነበር፣ ወይስ ስልክ ጮኾ ነበር? በቤተሰብዎ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ፣ ውሃ ገብቶ ሳይወጣ የቀረ ዋናተኛ፣ ወይም ከልደቱ መስማት የተሳነውና የሚወድቅ ልጅ ካለ አይተዉት፣ ይናገሩ። ሐኪሙ ባይጠይቅዎትም «ኢሲጂ ይነሣልኝ» ብለው ይጠይቁ።